ሞሪትስ ካፖሲ፦ ከቆዳ አልፈው የተመለከቱ ሐኪም

ከማኅበራችን አባላት መካከል የካፖሲን ስም በበሽተኛ ካርድ ላይ ጽፎ ወይም ተጽፎ አንብቦ የማያውቅ ጥቂት ነው። የስሙ ባለቤት ማን እንደ ነበሩ፣ በምን ዘመንና በምን ሁኔታ እንደ ኖሩ፣ ስማቸውስ ከዚህ ዕጢ ጋር የተቆራኘው ስለ ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ግን ብዙ አይደለም። የሐኪም ስም የበሽታ መጠሪያ በሆነ ጊዜ ሁሉ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ በሽታው በሰው አፍ ሲመላለስ ሰውየው ይረሳል።

ይህ ጽሑፍ የእኒያን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለመተረክ የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ግን ለቀደምት ሊቃውንት የሚገባውን ክብር ማቅረብ ብቻ አይደለም። ካፖሲ በ1872 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት ዝነኛ ጽሑፍ በእግርና በእጅ ቆዳ ላይ ስለሚወጣ እባጭ ብቻ የተናገረ አልነበረም። ከአስከሬን ምርመራ ተነሥቶ ዕጢው በሳንባና በአንጀት ውስጥም እንደሚገኝ ያስገነዘበ ጽሑፍ ነበር። በሽታው የቆዳ በሽታ እየተባለ ሲቆጠር በመኖሩ ይህ ሁለተኛው ክፍል እንደ መጀመሪያው ሲጠቀስ አይሰማም። ዛሬ የመከላከል ኃይላቸው የደከመ ሕሙማን በየሆስፒታሉ በሚታዩበት ጊዜ ግን ለሞት የሚያሰጋው በቆዳ ላይ ያለው እባጭ ሳይሆን በጉሮሮና በሳንባ ውስጥ የተሰወረው ነው። ስለዚህ ካፖሲ የጀመሩትን መንገድ እስከ መጨረሻው መከተል የሁላችንም ግዴታ ይሆናል።

የልጅነትና የትምህርት ዘመን

ሞሪትስ ካፖሲ ኦክቶበር 23 ቀን 1837 ካፖሽቫር በምትባል የሀንጋሪ ከተማ ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ሀንጋሪ በቪዬና ተቀምጦ በሚገዛው በሐብስቡርግ ንጉሣዊ ቤት ሥር ነበረች። ቤተ ሰባቸው አይሁዳዊ ሲሆን በሀብት የታወቀ አልነበረም። ሲወለዱ የተሰጣቸውም ስም ሞሪትስ ኮን ነበረ እንጂ ካፖሲ አልነበረም። ይህ ለውጥ እንዴት እንደ መጣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወጣቱ ኮን በ1856 ወደ ቪዬና ሄደው በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ጀመሩ። ጊዜው የቪዬና ሕክምና በዓለም ላይ ስሙ የገነነበት ነበር። በ1784 በተከፈተው ታላቁ አጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ካርል ሮኪታንስኪ በሺህ የሚቆጠሩ አስከሬኖችን እየመረመሩ በሽታ በሰውነት ውስጥ የሚተወውን ምልክት ይመዘግቡ ነበር። ዮሴፍ ሽኮዳ ደግሞ ደረትን በጣት በመምታትና በጆሮ በማዳመጥ በሕይወት ያለውን በሽተኛ የመመርመርን ጥበብ አዳብረው ነበር። ከነዚህ ሁለት ሊቃውንት ሥራ የተወለደው መርሕ ግልጽ ነበር፤ ይኸውም በአልጋ ላይ የተገመተው ሁሉ በአስከሬን ምርመራ ጠረጴዛ ላይ መረጋገጥ አለበት የሚል ነው። የሐኪሙ ግምት ትክክል ይሁን ስሕተት ፍርዱ የሚሰጠው እዚያ ነበር።

የቆዳ ሕክምና በዚሁ መርሕ የሚመራ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በፌርዲናንድ ሄብራ ጥረት ነው። ከሄብራ በፊት የቆዳ በሽታ የደም መበከልና የውስጥ ፈሳሽ መዛባት ወደ ውጭ ሲወጣ የሚታይ ነገር ተደርጎ በብዙዎች ዘንድ ይታመን ነበር። ሄብራ ግን እከክ የሚመጣው ቆዳን ሰርስራ በምትገባ ጥቃቅን ተባይ እንጂ ከደም ብክለት አለመሆኑን አሳዩ። በ1847ም ኢግናትስ ሴመልቫይስ አዋላጅ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ ቢታጠቡ የአራሶች ሞት እንደሚቀንስ በደረሱበት ጊዜ፣ ይህን ግኝት በጽሑፍ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት ሄብራ ነበሩ። ኮን የተማሩት ከእንዲህ ያለ ሰው ነው፤ የተወረሰ አስተሳሰብን ከመቀበል በፊት በዓይን አይቶ ማረጋገጥን ከሚያስቀድም መምህር።

ኮን በ1861 የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1866 ያወጡት መጽሐፍም ለዛሬው ርእሳችን ልዩ ትርጉም አለው። መጽሐፉ ቂጥኝ በአፍ፣ በጉሮሮ፣ በአፍንጫና በማንቁርት ስስ የውስጥ ሽፋን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመረምር ነበር። በዚያው በቪዬና ሉድቪግ ቱርክ ትንሽ መስተዋት ወደ ጉሮሮ በማስገባት ማንቁርትን መመልከት የጀመሩት በ1857 ስለ ነበር፣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ይህን የሰውነት ክፍል ማየት ገና አዲስ ጥበብ ነበር። ስለሆነም ኋላ በቆዳ ሕክምና ዓለም አቀፍ ዝና ያገኙት ሰው በጽሑፍ መታወቅ የጀመሩት በቆዳ ሥራቸው ብቻ ሳይሆን አየር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። ለእርሳቸው ቆዳውና የውስጡ ሽፋን የአንድ ጨርቅ ሁለት ገጽ ነበሩ።

ስምና ወገን

ኮን በሄብራ ክሊኒክ ረዳት ሆነው ሲሠሩ ከመምህራቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ከሥራ አልፎ ዝምድና ሆነ። የአይሁድን እምነት ትተው ካቶሊክ ከሆኑ በኋላ በ1869 የሄብራን ልጅ ማርታን አገቡ። በ1871 ደግሞ የቤተ ሰብ ስማቸውን ለውጠው ካፖሲ ተባሉ። ቃሉ በሀንጋሪኛ ካፖሺ ተብሎ የሚነበብ ሲሆን፣ የካፖሽ ሰው እንደ ማለት ነው፤ ካፖሽ የትውልድ ከተማቸው የተቆረቆረችበት ወንዝ ስም ነው።

ስለ ስም ለውጡ የሚሰጠው ምክንያት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ በዚያ ዘመን አይሁዳዊ ለሆነ ሐኪም ወደ ዩኒቨርሲቲ ወንበር የሚያደርሰው መንገድ ጠባብ ስለ ነበር ሃይማኖቱም ስሙም የተለወጠው ለዕድገት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ኮን የሚባሉ ሐኪሞች በቪዬና ብዙ ስለ ነበሩ ጽሑፎቻቸው ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር እንዳይደባለቁ ነው የሚል ነው። ሁለቱም ምክንያቶች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱን ለመቀበል ሌላውን መካድ አያስፈልግም። ያም ሆነ ይህ ካፖሲ የአባታቸውን ስም ቢተዉም በምትኩ የያዙት የተወለዱበትን አገር ስም ነው። የመረጡትም ስም ከሰው ስምነት አልፎ የበሽታ ስም ሆኖ እንደሚቀር ያን ጊዜ ሊገምት የሚችል አልነበረም።

የአስተማሪውን ልጅ አግብቶ የአስተማሪውን ወንበር የወረሰ ሰው ከሐሜት አያመልጥም፤ ካፖሲም አላመለጡም። በሄብራ ሥር ያደጉ ሌሎችም የታወቁ ሐኪሞች ነበሩና፣ ሹመቱ በአማችነት የተገኘ ነው የሚሉ ነበሩ። ለዚህ ዓይነቱ ሐሜት መልስ የሚሆነው ሥራ ብቻ ነው። ካፖሲ ደግሞ ሄብራ ገና በሕይወት ሳሉ፣ የስም ለውጡ አንድ ዓመት ሳይርቅ፣ ያንን መልስ አቀረቡ።

አምስት በሽተኞችና አንድ የአስከሬን ምርመራ

በ1872 ካፖሲ በጀርመንኛ በሚታተመው የቆዳና የቂጥኝ በሽታዎች መጽሔት ላይ ስለ አምስት በሽተኞች ጻፉ። በሽተኞቹ ወንዶች ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ ነበር። በእግራቸውና በእጃቸው ላይ ቡናማ ቀይ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ብዙ እባጭ ወጥቶባቸው ነበር። እባጩ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ የተዛመተ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ የበቀለ መሆኑን ካፖሲ አስተዋሉ። መነሻው የማይታወቅ መሆኑን፣ ብዙ መሆኑንና ቀለም ያለው መሆኑን በስሙ ውስጥ አስገብተው የቆዳ ሳርኮማ ብለው ሰየሙት። ኋላ ላይ ራሳቸው ስያሜውን በማሻሻል ቀለሙ የመጣው ከደም መፍሰስ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ተኩበት። ይህ እርማት ትንሽ ቢመስልም ቁም ነገር አለው፤ ዕጢው በመሠረቱ የደም ሥር ዕጢ እንደ ሆነና በቀላሉ እንደሚደማ ያመለክታልና።

የጽሑፉ ክብደት ግን በቆዳው መግለጫ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከበሽተኞቹ አንዱ በሞተ ጊዜ አስከሬኑ ተመርምሮ በሳንባውና በምግብ መተላለፊያው ውስጥ ተመሳሳይ እባጭ ተገኘ። ሌላ የቆዳ ሐኪም ቢሆን እግሩን ተመልክቶ፣ መዝግቦና ሥዕል አስሎ ሊያበቃ ይችል ነበር። ካፖሲ ግን የሮኪታንስኪ ትምህርት ቤት ልጅ ስለ ነበሩ በሽታውን እስከ ሳንባ ድረስ ተከተሉት። ከዚህም ተነሥተው በሽታው የቆዳ ብቻ ሳይሆን የመላ ሰውነት ነው፤ መጨረሻውም ሞት ነው ሲሉ ደመደሙ።

በዚያው ዓመት ስለ ሉፐስ ያወጡት ጥናትም ይህንኑ አስተሳሰብ የተከተለ ነው። በፊት ላይ የሚታየው ሽፍታ ትኩሳትን፣ የመገጣጠሚያ ሕመምን፣ የንፍፊት እብጠትንና የሰውነት መመንመንን ሊያስከትል እንደሚችልና የሰውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ የውስጥ በሽታ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። በ1870ዎቹም ከሄብራ ጋር በመሆን የፀሐይ ብርሃን የማይስማማውንና ገና በሕፃንነት የቆዳ ካንሰር የሚያስከትለውን በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጹ። ይህ በሽታ የሕዋስ ዘረ መል ጉዳትን የመጠገን ችሎታ በመጓደሉ የሚመጣ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1968 ነው። በሦስቱም ሥራዎች ውስጥ አንድ ሐሳብ ይታያል፦ ቆዳ መጋረጃ ሳይሆን መስኮት ነው።

በመምህርነት ወንበር ላይ

ካፖሲ በ1875 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኙ። ሄብራ በ1880 ሲያርፉም በቀጣዩ ዓመት የክሊኒኩ ኃላፊ ሆኑ። በዚያው በ1880 የቆዳ በሽታዎችን ጠባይና ሕክምና በንግግር መልክ የሚያስተምረውን ታላቁን መጽሐፋቸውን አወጡ። መጽሐፉ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተተርጉሞ በብዙ አገር የሚገኙ ሐኪሞች የሚማሩበት ሆነ። ሄብራ ሳይጨርሱት የቀረውን ሥራ ከግብ ያደረሱት ካፖሲ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለሃያ ዓመት ያህል ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሐኪሞች በቪዬና ክሊኒካቸው ተምረዋል። ትምህርቱ የሚሰጠው በሽተኛውን ፊት ለፊት አቅርቦ፣ ከላይ እስከ ታች መርምሮ፣ የታየውን በትክክለኛ ቃል በመግለጽ ነበር። በ1887 ችፌ ባለበት ቆዳ ላይ በድንገት የሚስፋፋውንና ዛሬ ከኸርፐስ ቫይረስ የሚመጣ መሆኑ የታወቀውን ሽፍታ ገለጹ፤ ይህም በስማቸው ይጠራል። በ1891 ደግሞ ሃይንሪኽ ኮብነር የተባሉ ሐኪም ያ በ1872 የተገለጸው ሳርኮማ በካፖሲ ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ ስያሜውም ጸና። ካፖሲ ማርች 6 ቀን 1902 በቪዬና ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዕድሜያቸው 64 ዓመት ነበር።

ካፖሲ ሊያዩት ያልቻሉት

የቀደምት ሊቃውንትን ታሪክ ስንጽፍ ያወቁትን ብቻ ሳይሆን ያላወቁትንም መናገር ተገቢ ነው። ካፖሲ በሽታው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ይገድላል ብለው ነበር። ኋላ እንደ ተረጋገጠው ግን በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያና በምሥራቅ አውሮፓ በሚገኙ ሽማግሌዎች ላይ የሚታየው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ በሽተኛው ለብዙ ዓመታት ከበሽታው ጋር ይኖራል። በአንዱ ሰው ላይ የሚዘገየው በሌላው ላይ የሚፈጥነው ስለ ምን እንደ ሆነ በእርሳቸው ዘመን ሊመለስ የሚችል ጥያቄ አልነበረም፤ የሰውነት የመከላከል ኃይል የሚባለው ነገር ገና መጠናት የጀመረ ነበርና።

ሌላም ያልደረሱበት ነገር ነበር። የጉሮሮ መስተዋት የሚያሳየው እስከ ማንቁርት ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ በታች ያለውን የአየር ቧንቧ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ቱቦ አስገብተው ለመመልከት የቻሉት ጉስታፍ ኪልያን ሲሆኑ፣ ያም የሆነው በ1897 ነው፤ ካፖሲ ሊያርፉ አምስት ዓመት ሲቀራቸው። ስለዚህ ካፖሲ ሳንባ ውስጥ ያለውን እባጭ ያወቁት በሽተኛው ከሞተ በኋላ ብቻ ነው። እርሳቸው በአስከሬን ያዩትን እኛ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማየት እንችላለን፤ ልዩነቱ ይህ ነው፤ ኃላፊነታችንም የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ከካፖሲ በኋላ የተገለጸው

ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በሽታው በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ በብዛት እንደሚገኝ፣ በሕፃናትም ላይ በንፍፊት እብጠት መልክ እንደሚታይ ታወቀ። በ1961 በካምፓላ ማኬሬሬ ስለዚሁ ዕጢ ብቻ የሚመክር ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተደረገ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኩላሊት ተተክሎላቸው የመከላከል ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ታየ። መድኃኒቱ ሲቀነስ ዕጢው የሚጠፋ መሆኑ መታየቱም በሽታው ከመከላከል ኃይል መድከም ጋር የተያያዘ ስለ መሆኑ ጉልህ ማስረጃ ሆነ።

በ1981 በአሜሪካ በወጣት ወንዶች ላይ ይህ ዕጢ በድንገት መብዛቱ ሪፖርት ሲደረግ፣ ኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ ከተገለጸባቸው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ሆነ። በአገራችንም በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ ወዲህ ዕጢው ለሐኪሞቻችን እንግዳ መሆኑ ቀረ። በ1994 ባልና ሚስት የሆኑት ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር የዕጢውን መነሻ ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱ ከኸርፐስ ወገን ሲሆን በቁጥር ስምንተኛው ነው። የደም ሥርና የንፍፊት ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳትን ይይዛል፤ የመከላከል ኃይል በጸናበት ሰውነት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል፤ ኃይሉ ሲደክም ግን ሕዋሳቱ ያለ ልክ ይራባሉ፤ ግድግዳቸው ስስ የሆነና በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ የደም ሥሮችም ይበቅላሉ። ካፖሲ መነሻው አይታወቅም ብለው የተዉት ቦታ ከ122 ዓመት በኋላ በዚህ ተሞላ።

አየር የሚያልፍበት መንገድ

ከዚህ በላይ የተተረከው ታሪክ ለሥራችን የሚሰጠው ትምህርት አለ። የመከላከል ኃይሉ የደከመ በሽተኛ ይህ ዕጢ ካለበት፣ እባጩ በቆዳው ላይ እንደሚታየው ሁሉ በመተንፈሻው መንገድ በየትኛውም ስፍራ ሊኖር ይችላል። በአፍ ውስጥ ይልቁንም በላንቃ ላይ መውጣት ይወዳል። በማንቁርት ውስጥ በተለይ ከድምፅ አውታሮች በላይ ባለው ክፍልና በማንቁርት ክዳን ላይ ሲወጣ ድምፅን ይጎረንናል፤ መዋጥን ያስቸግራል፤ እያደገ ሲሄድም በሽተኛው አየር ሲስብ የሚሰማ የሲርታ ድምፅ ያመጣል። በአየር ቧንቧና በቅርንጫፎቹ ውስጥ ደግሞ ደማቅ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ጠፍጣፋ ወይም ከፍ ያለ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ቧንቧው በሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም መትፋትና በሳንባ ዙሪያ ደም የቀላቀለ ውሃ መቋጠር ያስከትላል።

እነዚህ ምልክቶች በአገራችን ወዲያው የሚያሳስቡት የሳንባ ነቀርሳን ነው፤ ማሳሰባቸውም ትክክል ነው። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ነገር ግን የነቀርሳ መድኃኒት ተጀምሮ ትንፋሹ ያልተሻሻለ ሰው ቆዳው ታይቷልን? አፉ ተከፍቶ ላንቃው ተመርምሯልን? የእግሩ መርገጫስ? የዚህ ምርመራ ዋጋ አንድ የእጅ ባትሪና ጥቂት ደቂቃ ነው። በቆዳና በአፍ ላይ ምንም ሳይታይ ሳንባ ብቻ የተያዘባቸው ሕሙማንም ስላሉ፣ የቆዳው ንጹሕ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ማደንዘዣ ለሚሰጡ ባልደረቦቻችን ጉዳዩ ይበልጥ የከበደ ነው። በላንቃው ላይ እባጭ ያለበትን፣ ድምፁ የጎረነነውን ወይም ሲተነፍስ ሲርታ የሚሰማበትን በሽተኛ አስቀድሞ ሳይመረምሩ ማስተኛት አደገኛ ነው። ዕጢው በመሣሪያ ሲነካ ይደማል፤ ደሙ ዕይታን ይጋርዳል፤ የጠበበው መንገድም ይዘጋል። ስለዚህ የሚቻል ሲሆን በሽተኛው ራሱ እየተነፈሰ፣ ጉሮሮውን ብቻ በማደንዘዝ፣ በሚታጠፍ የመመልከቻ መሣሪያ እየተመሩ፣ ከተለመደው ቀጠን ያለ ቱቦ በቀስታ ማስገባት ይመረጣል። አንገት ከፍቶ የመተንፈሻ ቀዳዳ ማበጀት የሚችል ቀዶ ሐኪምም ከመጀመሪያው በክፍሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። ቀዶ ሐኪሙም ዕጢው በአየር ቧንቧው ላይ እስከ ታች ወርዶ ሊሆን እንደሚችልና ብዙ ሊደማ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ከሳንባ ቧንቧ ናሙና መቁረጥም የመድማት አደጋ ስላለው መልኩ ግልጽ በሆነ ጊዜ በዓይን የታየው ብቻ ለውሳኔ የሚበቃበት ሁኔታ አለ።

ከሁሉ በላይ ሊሰመርበት የሚገባው የስቴሮይድ ጉዳይ ነው። የመከላከል ኃይል ሲደክም የሚመጣ ሌላም ካንሰር አለ፤ ሊምፎማ። ሊምፎማ በቶንሲልና በምላስ ሥር፣ ወይም በደረት መካከል አብጦ የአየር ቧንቧን ይጫናል፤ በሽተኛው በጀርባው ሲተኛም ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። በአልጋው አጠገብ ለቆመ ሐኪም የሁለቱ ድምፅ አንድ ነው። የሚሰጡት ምላሽ ግን ተቃራኒ ነው፦ ሊምፎማ በስቴሮይድ ይሟሽሻል፤ የካፖሲ ዕጢ በስቴሮይድ ይባባሳል። ሊምፎማውም ቢሆን ናሙና ሳይወሰድ ስቴሮይድ ከተሰጠው ማንነቱን ለማወቅ ሊያስቸግር ይችላል። ጉሮሮው አብጧል በሚል በልማድ የሚሰጥ መርፌ እንግዲህ ንጹሕ መድኃኒት አይደለም። ከመሰጠቱ በፊት አፍና ቆዳ መታየት፣ ጊዜ ከተገኘም ናሙና መወሰድ አለበት።

ሕክምናውም ከበሽታው መነሻ የተነሣ ነው። የኤች አይ ቪ ታማሚ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሲጀምር የመከላከል ኃይሉ ስለሚመለስ ብዙ ጊዜ ዕጢው ይቀንሳል። በአገራችን መድኃኒቱ ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው በ2005 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለበሽተኛው ይሰጥ የነበረው ተስፋ እጅግ አነስተኛ ነበር። ይሁንና መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት የተመለሰው የመከላከል ኃይል ዕጢውን ለጊዜው ሊያሳብጠው ይችላል። ዕጢው በእግር ላይ ከሆነ ይህ ይታገሡታል፤ በማንቁርት ላይ ከሆነ ግን ጥቂት ሚሊሜትር እብጠት ነፍስን ያጠፋል። ስለዚህ ሳንባውና ጉሮሮው የተያዘ ሰው ከፀረ ቫይረሱ ጋር የካንሰር መድኃኒትም ሊሰጠው ይገባል፤ ፓክሊታክሰልና በቅባት ልባስ የተጠቀለለው ዶክሶሩቢሲን የሚመረጡት ናቸው። በ2020 የታተመ በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ የተካሄደ ንጽጽር ፓክሊታክሰል ከሌሎቹ ርካሽ አማራጮች የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ደግሞ የመከላከል ኃይልን የሚያዳክመውን መድኃኒት መቀነስ ወይም ሲሮሊመስ በተባለው መተካት ዕጢውን ሊያጠፋው ይችላል።

ማጠቃለያ

ካፖሲ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ የኖሩ፣ በሙያቸውም የቆዳ ሐኪም ተብለው የተጠሩ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ በወጣትነታቸው የጉሮሮን ሽፋን አጠኑ፤ በጎልማሳነታቸው በእግር ላይ ያዩትን እባጭ እስከ ሳንባ ድረስ ተከተሉት፤ በመምህርነታቸውም ቆዳን የሚያይ ዓይን በቆዳ ላይ እንዳይቆም አስተማሩ። የሙያ ክፍፍል በእርሳቸው ዘመን ገና እየጀመረ ነበር፤ ዛሬ ግን ግድግዳው ከፍ ብሏል። የቆዳ ሐኪሙ እግሩን፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ሳንባውን፣ የጉሮሮ ሐኪሙ ማንቁርቱን፣ ማደንዘዣ ሰጪው ደግሞ የቱቦውን መጠን ብቻ ሲመለከት፣ በሽተኛው በአራቱ መካከል ሊወድቅ ይችላል።

ስማቸውን በካርዱ ላይ በምንጽፍበት ጊዜ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት መስመር እንጨምር፤ አንደኛው አፉና ላንቃው የታየ መሆኑን፣ ሁለተኛው ድምፁና አተነፋፈሱ እንዴት እንደ ሆነ የሚገልጽ ይሁን። ካፖሲ በአስከሬን ላይ ያገኙትን ነገር እኛ በሽተኛው በሕይወት ሳለ ካገኘነው፣ ለእኒያ ሐኪም ከዚህ የሚበልጥ መታሰቢያ ልናቆምላቸው አንችልም።